ሜዳውም ውኃውም የእናንተ ነው

በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ቴክሳስ ሰፊ ናት። ከፎርት ወርዝ ተነሥቶ ኤል ፓሶ ለመግባት ቀኑን ሙሉ መንዳት ያስፈልጋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የምታዩት መሬት ግን ሁሉም ማለት ይቻላል የሰው ነው። ከቴክሳስ መሬት 95 በመቶ ያህሉ በግል ባለቤቶች እጅ ይገኛል። አጥር አለው፤ በር አለው፤ በሩም ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎበታል። እንደ ኔቫዳና ዩታ ባሉት የምዕራብ ስቴቶች ከግማሽ በላይ የሆነው መሬት የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ በአብዛኛው ሰው እንደ ልቡ ይሄድበታል። እዚህ ግን ለሁላችንም የቀረልን ትንሽ ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ትንሽ ነው። በከተማችን ዙሪያ ስላሉት ሐይቆች፣ ስለ ሣር ሜዳዎቹ፣ እዚያ ስለሚጠመደው ዓሣና ስለሚታደነው እንስሳ። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሀብት የእኛም ነው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ የበይ ተመልካች ሆነን ኖረናል።

ምክንያቱ ይገባኛል። ወገናችን ሥራ ላይ ነው። የጭነት መኪና የሚነዳው፣ ኤርፖርት የሚያድረው፣ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት የሚቆመው፣ ነዳጅ ማደያ የያዘው ሁሉ ዕረፍቱ አጭር ናት፤ እሷም ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ትውላለች። ሌላም ምክንያት አለ። ጫካ ዳር ቆሞ ሽጉጥ የታጠቀ የደንብ ልብስ ለባሽ ሲመጣ ማየት ለብዙዎቻችን ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ከየት እንደመጣን እናውቃለን። «የማን መሬት ላይ ነው ያለሁት? ማን ምን ይለኝ ይሆን?» የሚለው ስጋት ብዙ ሰው ቤቱ እንዲውል አድርጎታል። ስጋቱን የሚያስወግደው ማወቅ ነውና ወደ እሱ ልግባ።

መጀመሪያ ስለ ውኃው። በቴክሳስ የተፈጥሮ ሐይቅ የለም ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ትልቅ የተፈጥሮ ሐይቅ እየተባለ የሚጠራው በሉዊዚያና ድንበር ያለው ካዶ ሌክ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ ግድብ ተሠርቶለታል። እኛ ዙሪያችንን የምናያቸው ሁሉ በሰው እጅ የተሠሩ ናቸው። ሌክ ግሬፕቫይን በ1952፣ ሌክ ላቮን በ1953፣ ሌክ ልዊስቪል በ1955 ገደማ ተጠናቀቁ። ከ1950 እስከ 1957 ቴክሳስን ያደቀቀው ድርቅ ደግሞ ሌሎች ብዙ ግድቦች እንዲገነቡ ምክንያት ሆነ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ሌክ ሬይ ሮበርትስ በ1987 ተገደበ። ከእነዚህ ብዙዎቹን የሠራውና ዛሬም የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ክፍል ነው። እንግዲህ በዳርቻቸው ያለው መሬት በግብር ከፋዩ ገንዘብ የተገዛ የሕዝብ መሬት ነው ማለት ነው። ከእናንተም ደመወዝ በየሁለት ሳምንቱ ይቆረጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቴክሶማ ነው። ከዳላስ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስትነዱ በኦክላሆማ ድንበር ላይ ታገኙታላችሁ። ሬድ ሪቨርን የሚገድበው የዴኒሰን ግድብ በ1944 ሲያልቅ፣ ውኃው የሚተኛበትን ጫካ በመመንጠሩ ሥራ ላይ የጀርመን የጦር ምርኮኞች ነበሩበት። ሐይቁ ሲሞላ ሃገርማን የምትባል ትንሽ ከተማ ከውኃ በታች ቀረች። ስሟ ዛሬ በ1946 የተቋቋመው የዱር እንስሳት መጠለያ ስም ሆኗል። በብርዱ ወራት ወደዚያ ብቅ ብትሉ ከሰሜን የመጡ ነጫጭ ዝዮች ሜዳውን ሞልተው ታያላችሁ።

ቴክሶማ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚያስደንቅ ነገር አለበትና። በዚያ ሐይቅ በብዛት የሚጠመደው ስትራይፕድ ባስ ከባሕር ወደ ወንዝ የሚወጣ ዓሣ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጫጩቶቹ ተወስደው ሐይቁ ውስጥ ተለቀቁ። ይህ ዓሣ በሌሎች ብዙ ሐይቆችም ተለቋል፤ በአብዛኞቹ ግን በየጊዜው ካልተጨመረበት ይጠፋል። የዚህ ዓሣ ዕንቁላል እስኪፈለፈል ድረስ በሚሄድ ውኃ ላይ መንሳፈፍ አለበት፤ ታች ከሰጠመና ደለል ከያዘው ይሞታል። ቴክሶማን የሚመግቡት ሬድ ሪቨርና ዋሺታ ግን ረጅም ርቀት ያለ ግድብ ስለሚፈሱ ዕንቁላሉ ሐይቁ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ዓሣው በራሱ ይራባል። ከጀልባ ላይ ጎትታችሁ የምታወጡት ያ ብርማ፣ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመር ያለው ዓሣ እዚያው የተወለደ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ወላጆቹ ግን በመኪና ተጭነው የመጡ ናቸው። የእኛን ልጆች አስቡ።

ለእኛ ቤት የበለጠ የሚመቸው ግን ትንሹ ዘመዱ ነው። ዋይት ባስ ይባላል፤ የአካባቢው ሰው ሳንድ ባስ ይለዋል። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል፣ ውኃው መሞቅ ሲጀምር፣ ከሐይቆቹ ወጥቶ ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይጎርፋል። ያን ጊዜ ጀልባ አያስፈልግም፤ ከወንዙ ዳር ቆሞ በቀላል ዘንግና በትንሽ መንጠቆ ማጥመድ ይቻላል። ይህ ወቅት መቼ እንደሚውል ልብ በሉ። ዐቢይ ጾም ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የምፈርደው እኔ አይደለሁም፤ አባቶች የሚሉትን እናንተም ታውቃላችሁ፤ በየቤቱ የሚደረገውም ይታወቃል። የሚበላ ሰው ግን ከሱቅ በረዶ ውስጥ ከሚያወጣው ይልቅ ያን ዕለት ጠዋት የተያዘውን ቢጎርስ ጣዕሙን ይመሰክራል። በአገራችን ብዙ ሰው አምባዛን «ቅርፊት የለውም» ብሎ እንደማይነካው አውቃለሁ። የዚህ አገር ካትፊሽም እንደዚያው ቅርፊት አልባ ነው። ዋይት ባስና ክራፒ የሚባለው ሌላ ዓሣ ግን ቅርፊትም ክንፍም አላቸው፤ ሥጋቸውም ነጭና ጣፋጭ ነው።

አሁን ስለ ሣር ሜዳው። ከፎርት ወርዝ ወደ ሰሜን ምዕራብ በዲኬተር ከተማ አቅራቢያ የሊንደን ጆንሰን ብሔራዊ ሣር ሜዳ አለ፤ ከ20,000 ኤከር በላይ ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ በፋኒን ካውንቲ ደግሞ ካዶ ብሔራዊ ሣር ሜዳ አለ፤ ወደ 18,000 ኤከር ይጠጋል። ሁለቱንም የሚያስተዳድራቸው የፌዴራሉ የደን አገልግሎት ነው። ዛሬ ሣሩ ጉልበት ድረስ የሚደርስበት፣ አጋዘን የሚታይበት፣ ትንንሽ ሐይቆች ያሉበት ቦታ ነው።

መቶ ዓመት ወደ ኋላ ብትሄዱ ግን ሌላ ነበር። ገበሬው በተዳፋቱ ላይ ጥጥ ይዘራ ነበር። ጥጥ በጥጥ ላይ፣ ዓመት ከዓመት፣ ያለ ዕረፍት። ዝናቡ ሲመጣ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። ቦረቦሩ እየሰፋ ማሳውን በላ። የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀትና ድርቅ ሲጨመርበት ገበሬው እጁን ሰጠ። መንግሥት ያን የተጎዳ መሬት ገዝቶ፣ ሣር አልብሶ፣ ቦረቦሩን ገድቦ አዳነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ዋናው ሕግ በ1937 የወጣው የባንክሄድና ጆንስ ሕግ ነበር። የወሎን፣ የሰሜን ሸዋን፣ የትግራይን ተዳፋት ያየ ሰው ይህ ታሪክ አዲስ አይሆንበትም። ጠፍ መሬት ተመልሶ ሜዳ ሊሆን እንደሚችል በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ዲኬተር ድረስ ይሂድ።

ሜዳው የተሰየመላቸውን ሰው ደግሞ አንርሳ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በኦክቶበር 1965 የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ለአውሮፓውያን ያደላውን የቆየ ኮታ ሽሮ፣ አፍሪካውያን ወደዚህ አገር የሚገቡበትን በር ከፈተ። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግና በኋላ የመጣው ዲቪ የተጨመሩት በዚያ ላይ ነው። ለሕዝብ መሬት መግዣ የሚውለውን የመሬትና የውኃ ጥበቃ ፈንድ ሕግ በ1964 የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። እኛን ያስገባው እጅና ለሕዝብ መሬት መግዣ የፈረመው እጅ አንድ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በዚያ ሣር ላይ ሲራመድ እንግድነት ሊሰማው አይገባም።

እንግድነት ባይኖርም ሥርዓት አለ። ሥርዓቱ የሚጀምረው ከፈቃዱ ነው፤ ላይሰንስ ከምንለው። ዕድሜው 17 የሞላ ሰው በሕዝብ ውኃ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቴክሳስ ውስጥ ስድስት ወር በተከታታይ ለኖረ ሰው የጨው አልባው ውኃ የዓመት ፈቃድ 30 ዶላር፣ የአደኑ 25 ዶላር ነው። ዋጋው ሊታደስ ስለሚችል ስትገዙ አረጋግጡ። ዓመቱ የሚቆጠረው ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኦገስት 31 ነው፤ ከእኛ ዘመን መለወጫ ጋር አሥር ቀን ብቻ ነው የሚለየው። በስቴት ፓርክ ውስጥ ከዳር ሆኖ ለሚያጠምድ ግን ፈቃድ አይጠየቅም። ጆ ፑል ሐይቅ ላይ ሴዳር ሂል ስቴት ፓርክ፣ ከፎርት ወርዝ በስተ ምዕራብ ሌክ ሚነራል ዌልስ ስቴት ፓርክ አሉ። ዘንግ የሌለው ሰው ከአንዳንዶቹ ፓርኮች ተውሶ ለሳምንት መውሰድ ይችላል። ገንዘብ የለኝም ማለት በዚህ አገር ዓሣ ላለማጥመድ ምክንያት አይሆንም።

የፈቃዱ ገንዘብ የት ይገባል? ይህን የማያውቅ ሰው እንደ ቅጣት ያየዋል። ነገሩ ግን እንደ እድር ነው። ለለቅሶ የተዋጣ ገንዘብ ለሌላ ነገር እንደማይውል ሁሉ፣ ከአዳኝና ከአጥማጅ የተሰበሰበ ገንዘብ ከዱር እንስሳትና ከዓሣ ሥራ ውጭ እንዳይወጣ ሕግ ያግደዋል። አንድ ስቴት ይህን ገንዘብ ወደ ሌላ ካዞረ የፌዴራሉን ድጎማ ያጣል። ድጎማው ራሱ የሚመጣው ከመሣሪያው ነው። በ1937 የወጣው የፒትማንና ሮበርትሰን ሕግ በረጃጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ ያለውን፣ ዛሬ 11 በመቶ የሆነውን ቀረጥ ለዚህ ሥራ መደበ፤ በ1950 የወጣው የዲንጀልና ጆንሰን ሕግ ደግሞ በዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ላይ ያለውን 10 በመቶ። መንጠቆ የሚገዛ ሁሉ ከፋይ ነው። ከፋይ ደግሞ ጠያቂ ነው፤ በከተማው ስብሰባ ላይ ቆሞ «ይህ ሐይቅ ለምን ተዘጋ? ይህ መንገድ ለምን አልተጠገነም?» ለማለት መብት አለው።

ቀጥሎ ያለው ሥርዓት ልክ ነው። ላርጅማውዝ ባስ የሚባለው ዓሣ በአብዛኛው ውኃ ከ14 ኢንች በታች ከሆነ አይያዝም፤ በቀን ከአምስት በላይም አይወሰድም። አለካኩን ላሳያችሁ። ዓሣው በመለኪያው ላይ በጎኑ ይጋደማል። አፉ ይዘጋል፤ ከንፈሩ ከመለኪያው ግንብ ጋር ይገጥማል። ከዚያ የጭራው ሁለት ቅርንጫፍ በሁለት ጣት ተጨምቆ አንድ ይሆናል። ጫፉ የደረሰበት ቁጥር ርዝመቱ ነው። አሥራ ሦስት ተኩል ካለ ቀስ ተብሎ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ማንም አያይም ተብሎ ወደ ማቀዝቀዣው አይገባም። 14 ኢንች የደረሰ ባስ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለመራባት ዕድል ያገኘ ነው፤ የሕጉ ሐሳብ ይኸው ነው። አንዳንድ ሐይቅ የራሱ ደንብ አለው። ሌክ ፎርክ ላይ ለምሳሌ ከ16 እስከ 24 ኢንች ያለውን ባስ መውሰድ አይፈቀድም፤ ለዘር የሚቀሩት እነዚያ ናቸው። በ1992 የቴክሳስ ክብረ ወሰን የሆነው፣ ከ18 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ባስ የወጣው ከዚያው ሐይቅ ነው።

ይህን ስናገር ጣና ትዝ ይለኛል፤ ሳልናገር ማለፍም አልችልም። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቤዎባርበስ ወገን ዓሦች አሉ፤ አሥራ አምስት ያህል ናቸው። አንድ ሐይቅ ውስጥ ይህን ያህል ዓይነት ከአንድ ወገን መገኘቱ የሊቃውንትን ዓይን የሳበ ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በደንገል ታንኳ ለዘመናት ሲያጠምድበት ዓሣው አላለቀም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ፤ የመጣውም በበጎ ሐሳብ፣ ለድኃው አጥማጅ ተብሎ ነው። እነዚያ ዓሦች በክረምት ጉማራን፣ ርብንና መገጭን ወደ መሳሰሉት ወንዞች ለመራባት ሲወጡ በወንዙ አፍ መረብ ጠበቃቸው። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ሕግ አልወጣም አይባልም፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ2003 ወጥቷል። የጠፋው በወንዙ አፍ ቆሞ ወቅቱን የሚያስከብር ሰው ነው። ዋይት ባስ ሽቅብ በሚወጣበት ወንዝ ዳር ቆሞ ቦርሳችሁን የሚያየውን የአደንና የዓሣ ሕግ አስከባሪ፣ ጌም ዋርደን፣ ስታገኙት ጣናን አስታውሱ። ያ ሰው ጠላታችሁ አይደለም።

ጌም ዋርደን ሲመጣ ምን ይደረጋል? ሰላምታ ስጡት። ፈቃዳችሁን አሳዩ። የያዛችሁትን ዓሣ እንዲያይ ማቀዝቀዣውን ክፈቱ። ጠመንጃ ከያዛችሁ አፈ ሙዙን ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ አዙራችሁ መያዛችሁን ቀድማችሁ ንገሩት፤ እጃችሁን እንዲያይ አድርጉ። ነገሩ በዚሁ ያልቃል።

ወደ አደን ልሻገር። እኛ የአዳኝ ዘር ነን። ዝሆን የገደለ፣ አንበሳ የገደለ ፎክሮ ወደ መንደሩ ሲገባ እልልታ የሚጠብቀው፣ በጠጉሩና በጆሮው ጌጥ የሚለይበት ዘመን ነበረን። ያ ክብር ዋጋ አስከፈለን፤ ዝሆኑም ጎሹም ከብዙ ቦታ ጠፋ። ዳግማዊ ምኒልክ አደንን የሚገድብ ደንብ አውጥተዋል፤ በ1944 ደግሞ የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ወጣ። ያም ሆኖ አደን ለተራው ሰው ወይ ጀግንነት ወይ ስርቆት ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ በባሌ ደጋ አጋዘንን በሕጋዊ መንገድ የሚያድነው በአብዛኛው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣ የውጭ ሰው ነው።

ቴክሳስም ከዚህ የተሻለ አልጀመረችም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጎሿ አልቆ፣ ነጭ ጭራው አጋዘን ከብዙ ካውንቲ ጠፍቶ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአደን ፈቃድ ተጀመረ። ወቅት ተወሰነ፣ ቁጥር ተወሰነ፣ ከተረፉበት ቦታ ተይዘው ወደ ጠፉበት ተወሰዱ። ዛሬ ከአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ ብዙ ነጭ ጭራ አጋዘን ያለው ቴክሳስ ውስጥ ነው። ይህን ያመጣው የአዳኙ ፈቃደኝነት ነው፤ ራሱ ከፍሎ፣ ራሱ ተቆጥሮ፣ ራሱ ተገድቦ።

የግል መሬት ተከራይቶ ማደን ውድ ነው። በ48 ዶላር የሚገዛ የዓመት የሕዝብ አደን ፈቃድ ግን አለ፤ ከመደበኛው የአደን ፈቃድ ጋር ሲያዝ በስቴቱ ዙሪያ በብዙ መቶ ሺህ ኤከር ላይ ያስገባል። ካዶ ሣር ሜዳ ውስጥ ያለው የዱር እንስሳት ቀጠናና ሬይ ሮበርትስ ሐይቅ ዙሪያ ያለው የሕዝብ አደን መሬት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከሴፕቴምበር 2፣ 1971 ወዲህ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት መውሰድ ግዴታው ነው፤ ዐዋቂ በኢንተርኔት ሊጨርሰው ይችላል። በሕዝብ መሬት ላይ በቀን የሚያድን ሰው ብርቱካናማ ልብስና ቆብ እንዲያደርግ የሚያስገድዱ ደንቦች አሉ፤ ባያስገድዱም እንኳ አድርጉት። አጋዘን የጣለ ሰው ከምንም በፊት ከፈቃዱ ጋር የተሰጠውን ምልክት ያወጣል፤ ቀኑንና ወሩን ቆርጦ ያነሣል፤ ከእንስሳው ላይ ያስራል። ከዚያ በኋላ ነው ቢላዋ የሚመዘዘው።

ስለ ሥጋው አውቃለሁ፤ ጥያቄ አለ። በስመ ሥላሴ ወይም በቢስሚላህ ያልታረደ አንበላም የሚል ብዙ ነው። በአገራችን አዳኝ የቆሰለው እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ማረድ ልማዱ ነበር። የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ። የዱር አሳማው ግን ለቤታችን አይሆንም፤ ሆኖም በቴክሳስ ቁጥሩ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የሆነ፣ እርሻ የሚገለብጥ መጤ አውሬ ስለሆነ እሱን መቀነስ ለገበሬው ውለታ ነው።

ሁለት ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛው ወረቀትን ይመለከታል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መያዝ ይችላል። ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰው ጠመንጃ ቢይዝ፣ የጓደኛውንም ቢሆን፣ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ጠበቃ ሳይጠይቅ ጠመንጃ አይንካ። ዓሣ ማጥመድ ግን ይህን ሁሉ አያመጣም።

ሁለተኛው ድንበርን ይመለከታል። የጆንሰን ሣር ሜዳ አንድ ወጥ አይደለም፤ በግል መሬት መካከል ተቆራርጦ የተቀመጠ ነው። በዛፍ ግንድ ወይም በአጥር ቋሚ ላይ ቁመቱ ስምንት ኢንች የሚሆን፣ ከላይ ወደ ታች የተሠመረ ሐምራዊ ቀለም ካያችሁ ቁሙ። ያ ቀለም በቴክሳስ ሕግ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ማለት ነው። ጽሑፍ አላየሁም ማለት አያድንም። ካርታ ስልካችሁ ላይ ይኑር።

የዓሣውንም ጤና ሳልነግራችሁ አልለፍ። በዳላስና በፎርት ወርዝ ከተሞች መካከል የሚያልፈው የትሪኒቲ ወንዝ ክፍል፣ ሌክ ወርዝ እንዲሁም ዳላስ ውስጥ ያለው ማውንቴን ክሪክ ሌክ ከድሮ ኢንዱስትሪ በቀረ ፒሲቢ በሚባል ኬሚካል ምክንያት የስቴቱ የጤና መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ወይም እገዳ ያወጣባቸው ናቸው። ኬሚካሉ በዓሣው ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ማብሰል አያጠፋውም። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤት በተለይ ይጠንቀቅ። ከከተማ የሚያጠምድ ሰው በየሰፈሩ ፓርክ ስቴቱ ካትፊሽና በብርዱ ወራት ትራውት የተባለ ዓሣ የሚለቅባቸውን ትንንሽ ሐይቆች ይምረጥ፤ ኸርስት ውስጥ ቺዝም ፓርክ፣ ዴንተን ውስጥ ሳውዝ ሌክስ ፓርክ አሉ። እናቶችና አባቶች ሆይ፣ አብዛኞቻችን ደጋ ላይ ያደግን ስለሆንን ዋና አናውቅም። ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሕይወት ጃኬት እንዲለብስ ሕጉ ያዛል፤ እናንተም ልበሱ።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ እንዴት ሊጠፋ እንደሚችል ልንገራችሁ። ከዳላስ በስተ ደቡብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ርቆ ፌርፊልድ ሌክ ስቴት ፓርክ ነበረ። ከ1976 ጀምሮ ቤተሰብ የሚሰፍርበት፣ ዓሣ የሚጠመድበት፣ 1,800 ኤከር ያህል መሬት ነበር። ነገር ግን መሬቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነበር፤ ስቴቱ በነፃ ተውሶት ነበር የሚሠራበት። የኃይል ማመንጫው በ2018 ሲዘጋ ኩባንያው መሬቱን ለሽያጭ አቀረበ፤ በ2023 የቤት ገንቢ ገዛው። የፓርኩ ኮሚሽን በሕግ ኃይል መልሶ ለመውሰድ ወስኖ ነበር፤ በኋላ ግን ዋጋው ከብዶት ተወው። ፓርኩ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የቴክሳስ ሕዝብ አዲስ የፓርክ መሬት መግዣ አንድ ቢሊዮን ዶላር እንዲመደብ ድምፅ ሰጠ፤ ከአራት መራጭ ሦስቱ ደገፉት። ያን ቀን ዜግነት ይዘን ድምፅ ያልሰጠን ስንት ነን?

አዲስ ውኃም መጥቷል። በፋኒን ካውንቲ፣ ከካዶ ሣር ሜዳ አጠገብ፣ ቦዳርክ ሌክ በኤፕሪል 2024 ለሕዝብ ተከፍቷል፤ በቴክሳስ በሠላሳ ዓመት ገደማ የመጀመሪያው ትልቅ ሐይቅ ነው። ያረጁ ሐይቆች ላይ ሌሎች ቀድመውን ቦታ ይዘዋል። በዚህኛው ግን ማንም ከማንም አይቀድምም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በየዓመቱ የጁን ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ በቴክሳስ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ዓሣ የሚያጠምድበት ቀን ነው። የማኅበር መሪዎች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ የእድር ዳኞች፣ ያን ቀን በመርሐ ግብራችሁ ላይ አስገቡት። ልጆቹን ሰብስባችሁ ሐይቅ ዳር አውጡ። ሴፕቴምበር ሲገባ ደግሞ እያንዳንዳችሁ ፈቃድ ግዙ።